የኮርስ ጣሪያ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የማስተርስ የጊዜ ገደብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የተመረጡት ጥያቄዎች ሁሉም ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመጡ ናቸው። የጠያቂዎቹ የትምህርት መስክ ይለያያል፤ ያስጨነቋቸው ጉዳዮች ግን ተቀራራቢ ናቸው፤ በአንድ ሴሚስተር ስንት ኮርስ መውሰድ እንደሚፈቀድ፣ ውጤት ሲቀንስ ምን እንደሚከተል፣ ትምህርቱንም በስንት ጊዜ ውስጥ ማጠናቀቅ ግዴታ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ቁጥሮቹ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ስለሚለዋወጡ በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ ወሳኙ ጠያቂው የሚማርበት ተቋም የድኅረ ምረቃ ደንብ ነው። በዚህ ገጽ የምንመልሰው ደንቦቹ በአብዛኛው የሚጋሩትን አሠራር ይዘን፣ ተማሪው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ላይ በማተኮር ነው።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር ባለ 3 ክሬዲት የሆኑ አራት ኮርሶችን ወስጄ በሦስቱ ቢ፣ በአንዱ ሲ አገኘሁ። አማካይ ውጤቴ 2.75 ሆነ። ከሬጅስትራር የደረሰኝ ደብዳቤ የአካዳሚክ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠኝ ይገልጻል። በመጀመሪያ ዲግሪዬ በእንዲህ ያለ ውጤት ማንም ተናግሮኝ አያውቅም። መባረሬ ነው? በሚቀጥለው ሴሚስተርስ ብዙ ኮርስ ወስጄ ውጤቴን ብጠግን ይሻላል?

መልስ፦ አልተባረሩም። ማስጠንቀቂያ የስንብት ደብዳቤ አይደለም፤ ነገር ግን ቀነ ገደብና ቅድመ ሁኔታ ያለው ሰነድ ስለሆነ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ተረጋግተው ሊያነቡት ይገባል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስ ተማሪ ከ4.00 ቢያንስ 3.00 አማካይ ውጤት ይዞ እንዲቀጥልና እንዲመረቅ ይጠበቃል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ግን 2.00 የሚበቃባቸው ተቋማት ብዙ ናቸው። ቀድሞ ማንንም ያላሳሰበው 2.75 አሁን ደብዳቤ ያስጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በደብዳቤው ውስጥ አስቀድመው ሊፈልጉት የሚገባው፣ የሚለካው የትኛው አማካይ እንደሆነ ነው። የሴሚስተር አማካይ የአንዱን ሴሚስተር ውጤት ብቻ ያሳያል፤ አጠቃላይ አማካይ ደግሞ ከመጀመሪያው ምዝገባ ጀምሮ የተጠራቀመውን ሁሉ ይይዛል። አንዳንድ ደንቦች ተማሪው በአንድ ሴሚስተር ውስጥ አጠቃላይ አማካዩን ወደ 3.00 እንዲመልስ ያስገድዳሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሴሚስተሩ ውጤት ጥሩ ከሆነ፣ አጠቃላዩ ገና ባይስተካከልም፣ ማስጠንቀቂያውን አራዝመው አንድ ተጨማሪ ዕድል ይሰጣሉ። የእርስዎ ደብዳቤ ይህን በግልጽ ካልጻፈ የሚቀጥለው ምዝገባ ከመድረሱ በፊት ሬጅስትራሩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ።

አሁን ሒሳቡን እንየው፤ ለእያንዳንዱ ክሬዲት ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ይቆጠራል። 12 ክሬዲት በ2.75 ሲባዛ 33 ነጥብ ይሰጣል፤ 3.00 ላይ ለመገኘት 36 ነጥብ ያስፈልግ ነበር። የጎደለብዎ 3 ነጥብ ነው። ይህን ለመሙላት ባለ 3 ክሬዲት በሆነ በአንድ ኮርስ ኤ ማግኘትና በቀሩት ከቢ አለመውረድ ይበቃል። ቢ ፕላስ በ3.5 በሚቆጠርበት ሥርዓት ከሆነ ደግሞ በሁለት ኮርሶች ቢ ፕላስ ማግኘት ያንኑ ይተካል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን፣ የወሰዱት ሁለት ኮርስም ይሁን አራት፣ የሚፈለግብዎ ያው አንድ ኤ መሆኑን ነው። ኮርስ ማብዛት ጉድለቱን ፈጥኖ አይሞላውም፤ ከቢ በታች ሊወርዱባቸው የሚችሉትን ኮርሶች ቁጥር ግን ይጨምራል። ስለዚህ ላቀረቡት ሁለተኛ ጥያቄ መልሴ፣ አይሻልም የሚል ነው። ደንቡ ከፈቀደልዎ በሁለት ወይም በሦስት ኮርስ ተወስነው ለእያንዳንዱ በቂ ጊዜ ይስጡ። እንዲያውም በማስጠንቀቂያ ላይ ያለ ተማሪ የሚወስደውን ክሬዲት ራሳቸው ዝቅ የሚያደርጉ ተቋማት አሉ፤ ይህ እንደ ቅጣት ቢቆጠርም ሒሳቡን ላየ ሰው ለተማሪው የሚበጅ ውሳኔ ነው። የሚቀንሱት ግን የትምህርት ድጋፍ ገንዘብዎ ወይም የተማሪነት ደረጃዎ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ ክሬዲት ሳይወርዱ መሆን አለበት።

ጉድለቱን አሁኑኑ መሙላት ያለብዎ ደግሞ እየዘገየ በሄደ ቁጥር ስለሚከብድ ነው። በዚሁ 2.75 አማካይ 24 ክሬዲት የደረሰ ተማሪ 66 ነጥብ ብቻ ይኖረዋል። ፕሮግራሙ 30 ክሬዲት ከሆነ በቀሩት 6 ክሬዲቶች 24 ነጥብ ማግኘት አለበት፤ ይህም በሁለቱም የመጨረሻ ኮርሶች ሙሉ ኤ ማምጣት ማለት ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ያለ ተማሪ በአንድ ኤ የሚወጣው ችግር መጨረሻ ላይ አንድም ስሕተት የማይፈቅድ ይሆናል።

ሲ ያገኙበትን ኮርስ መድገም ሌላው አማራጭ ነው፤ ከመወሰንዎ በፊት ግን አዲሱ ውጤት የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ የሚተካ ወይም ከእርሱ ጋር አብሮ የሚደመር መሆኑን ይጠይቁ። አብሮ የሚደመር ከሆነ ያንኑ ጉልበት በአዲስ ኮርስ ላይ ማዋል ይሻላል፤ ምክንያቱም አዲሱ ኮርስ አማካዩን ከማሻሻሉም በላይ ለመመረቂያ የሚቆጠር ክሬዲት ያስገኝልዎታል። በመጨረሻም የመግቢያ ደብዳቤዎን አውጥተው ይመልከቱ። በቅድመ ሁኔታ የተቀበሉ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሴሚስተር ወይም በመጀመሪያዎቹ የተወሰኑ ክሬዲቶች 3.00 እንዲያመጡ የሚጠየቁበት ጊዜ አለ፤ ለእነርሱ የሚሠራው ሥርዓት ከተራው ማስጠንቀቂያ የጠበቀ ነው።

ጥያቄ፦ በሳምንት 40 ሰዓት የምሠራ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቱን ቶሎ ለመጨረስ በሴሚስተር 15 ክሬዲት ልመዘገብ ብጠይቅ የትምህርት ክፍሉ ከ12 በላይ አይፈቀድም አለኝ። የምከፍለው እኔ፣ የምደክመው እኔ ሆኜ ሳለ ለምን ይከለክሉኛል?

መልስ፦ ቁጭትዎ ይገባኛል፤ ጣሪያው የተቀመጠበትን ስሌት ሲያዩት ግን ሐሳብዎን ሳይለውጡ አይቀሩም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ክሬዲት የሥራ መጠን መለኪያ ነው። በአሜሪካ አሠራር አንድ ክሬዲት 15 ሳምንት ገደማ በሚቆይ ሴሚስተር ውስጥ በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት ትምህርትና ቢያንስ የሁለት ሰዓት የግል ጥናት ይጠይቃል። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን እያንዳንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይወክላል፤ ይህም በዓመት ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው፤ እያንዳንዱ 10 ሰዓት ስለሚቆጠር ድምሩ እዚያው 1,800 ላይ ይደርሳል። መንገዳቸው ቢለያይም ሦስቱም ሙሉ ጊዜ መማርን እንደ ሙሉ ሥራ ነው የሚቆጥሩት።

በመጀመሪያው ስሌት 12 ክሬዲት በሳምንት 36 ሰዓት፣ 15 ክሬዲት ደግሞ 45 ሰዓት ይወስዳል። ከ40 ሰዓት ሥራዎ ጋር ሲደመር 85 ሰዓት ይሆናል፤ መንገድ፣ ቤተሰብና እንቅልፍ ገና አልታሰቡም። እኔስ የሚያሳስበኝ የተፈቀደልዎ 12 ክሬዲት ራሱ ነው፤ እርሱም ቢሆን በሳምንት 76 ሰዓት ነውና። በእርስዎ ሁኔታ ያለ ሰው ከ6 ክሬዲት ቢጀምር፣ ማለትም በሳምንት በ18 ሰዓት ጥናት፣ ምናልባት አንድ ዓመት ይዘገይ ይሆናል፤ በማስጠንቀቂያና በድጋሚ ኮርስ የሚባክነውን ጊዜ ግን ያተርፋል። የትርፍ ጊዜ ተማሪ ሆነው ከተመዘገቡ በብዙ ተቋማት የሚሰጥዎ የማጠናቀቂያ ጊዜም ከሙሉ ጊዜ ተማሪው ይረዝማል።

ከጣሪያ በላይ ለመመዝገብ የሚያስችል ልዩ ፈቃድ በብዙ ቦታ አለ፤ አማካሪውና የትምህርት ክፍሉ በፊርማ ያጸድቁታል፤ የሚሰጠውም ከፍ ያለ ውጤት በተግባር ላስመዘገበ ተማሪ ነው። ለመጀመሪያ ሴሚስተር ተማሪና በማስጠንቀቂያ ላይ ላለ ሰው እምብዛም አይሰጥም። ከሁሉ በላይ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡት ኮርሶች የትኞቹ እንደሆኑ ከትምህርት ክፍሉ ይጠይቁ። ብዙ ተማሪ የሚዘገየው የክሬዲት ጣሪያ አግዶት ሳይሆን ለሌሎች ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ የሆነችው አንዲት ኮርስ አምልጣው ዓመት ስለሚጠብቅ ነው። እነዚያን ኮርሶች አስቀድመው በየሴሚስተሩ ካስቀመጡ በመጠነኛ ጭነትም ቢሆን ሳይዘገዩ መጨረስ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ታምሜ የአንድ ኮርስ የማጠቃለያ ፈተና አመለጠኝ። ኢንኮምፕሊት፣ ማለትም ያልተሟላ ውጤት፣ ተመዘገበልኝ። ይህ አማካይ ውጤቴን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ኢንኮምፕሊት እንደተመዘገበ ብዙውን ጊዜ በአማካዩ ውስጥ አይገባም፤ አደጋው ያለው የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ነው። ተቋሙ የወሰነው ቀን ሲደርስ ያልተሟላ ውጤት በራሱ ጊዜ ወደ ኤፍ የሚለወጥበት አሠራር የተለመደ ነው፤ ይህም በማስተርስ ደረጃ ብቻውን ለማስጠንቀቂያ ሊያበቃ ይችላል። መምህርዎ ጋር ቀርበው የምትክ ፈተናውን ቀን በጽሑፍ ያስይዙ፤ የሕክምና ማስረጃዎንም ግልባጭ ለሬጅስትራሩ ያስገቡ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ስንት ኮርስ እንደሚወስዱ ሲያሰሉ ይህን ያልተጠናቀቀ ኮርስ እንደ አንድ ኮርስ ይቁጠሩት፤ ጊዜዎን ይወስዳልና።

ጥያቄ፦ ኮርሶቼን በሙሉ ከጨረስኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው። ፕሮፖዛሌ ከጸደቀ በኋላ አማካሪዬ ወደ ሌላ ተቋም ተዛወሩ፤ እኔም ወለድኩ። ማንም ክፍያ ስላልጠየቀኝ፣ ማንም ስላልጠራኝ፣ ፋይሌ ባለበት ቆሞ ይጠብቀኛል ብዬ አልተመዘገብኩም። አሁን ስመለስ የፕሮግራሙ የጊዜ ገደብ ሊያበቃ አንድ ሴሚስተር ብቻ እንደቀረው ተነገረኝ። እንዴት እንዲህ ይቆጠራል? ምንስ ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ረጅም መልስ የሚገባው የእርስዎ ነው፤ ብዙ ማስተርስ ተጀምሮ የሚቀረው በኮርስ ውድቀት ሳይሆን እርስዎ ባሉበት ደረጃ ላይ ነውና። ክፍል የለም፣ ፈተና የለም፣ የሚጠይቅ የለም፤ ጊዜው ግን ይቆጠራል።

የማጠናቀቂያ ጊዜ ገደብ በአብዛኛው የሚቆጠረው ከመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ጀምሮ ነው። በአሜሪካ በሚገኙ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈቀዳል፤ አጠር ያለ ገደብ ያላቸው ተቋማት በሌላው ዓለም ብዙ ናቸው። ይህን ቆጠራ ሊያስቆመው የሚችለው የጸደቀ የትምህርት ማቋረጫ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ሳይጠይቁ መቅረት ግን ቆጠራውን አያስቆመውም፤ ከዚያም አልፎ ተከታታይ ምዝገባ በሚያስገድዱ ተቋማት የተማሪነትን መብት ያቋርጣል። አንድ ተማሪ በወሊድ ምክንያት ለአንድ ዓመት ቢለይና ማመልከቻ አስገብቶ ቢሆን ያ ዓመት ብዙ ጊዜ አይቆጠርበትም ነበር፤ ያው ዓመት ያለ ማመልከቻ ካለፈ ግን እንደ ተማረበት ይቆጠራል። ይህ ከባድ ልዩነት ለአራስ እናት አስቀድሞ ሊነገራት ይገባ ነበር። አማካሪያቸው የለቀቀባቸውን ተማሪዎች በስም ለይቶ መጥራትና ምትክ መመደብ የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም በማመልከቻዎ ውስጥ በአክብሮት ሊያነሱት ይችላሉ።

ገደቡ ያለ ምክንያት እንዳልተቀመጠ ማወቅም ማመልከቻዎን ለመጻፍ ይረዳዎታል። ተቋማት የሚሰጉት በቀደመው ዓመት የተወሰደ ኮርስ በምረቃ ቀን ያረጀ ዕውቀት ይሆናል ብለው ነው። ስለዚህም የተወሰነ ዕድሜ ያለፈውን ኮርስ በፈተና ወይም በተጨማሪ ሥራ እንዲታደስ የሚጠይቁ አሉ። የእርስዎ ኮርሶች ገና በገደቡ ውስጥ ስለሆኑ ይህ ችግር ላይደርስብዎ ይችላል፤ ሆኖም የትኛው ኮርስ መቼ ገደቡን እንደሚያልፍ ትራንስክሪፕትዎን ይዘው ያስሉት።

የተግባሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። በመጀመሪያ የተማሪነት ሁኔታዎ ምን እንደሚል ከሬጅስትራር ያረጋግጡ፤ ተቋርጦ ከሆነ የድጋሚ ቅበላ ማመልከቻ ሳያስገቡ የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ትርጉም አይኖረውም። ድጋሚ ሲቀበሉዎ በየትኛው ዓመት ደንብ እንደሚተዳደሩም ይጠይቁ፤ አንዳንድ ተቋም የተመለሰን ተማሪ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥር ስለሚያስገባው ያልነበረ ኮርስ ሊጨመርብዎ ይችላል። ቀጥሎ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪውን ቀርበው አዲስ አማካሪ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ። ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ የጸደቀውን ፕሮፖዛል፣ የተሰበሰበ መረጃ ካለም እርሱን፣ የቀድሞ አማካሪዎን አስተያየቶችም ይዘው ይቅረቡ። አዲሱ አማካሪ ርዕሱን እንደገና ሊከፍት የሚችል ሰው ነው፤ የተሠራው ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ ካየ ግን ካለበት ለማስቀጠል ይቀለዋል።

የማራዘሚያው ማመልከቻ ከሁሉ ይበልጥ ዋጋ አለው። ኮሚቴው የሚያነበው ያለፈውን ችግር ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ መጨረስ ይችሉ እንደሆነ ሊፈርድ ነው። ስለዚህ ወሊዱን በማስረጃ፣ የአማካሪዎን መልቀቅ በቀን አስደግፈው በአጭሩ ይግለጹ፤ የቀረውን ቦታ ለሥራ ዕቅዱ ይስጡ። ዕቅዱን ጽሑፍዎን በፈታኞች ፊት ከሚከላከሉበት ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ያውጡት፤ ፈታኞች ጽሑፉን ለማንበብ ሳምንታት ያስፈልጓቸዋል፤ ከዚያ በፊት አማካሪው ሙሉውን ረቂቅ አንብቦ እርስዎ የሚያርሙበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ በፊት ትንተናው፣ ከዚያም በፊት የመረጃ ስብሰባው አለ። ጥናትዎ ሰዎችን የሚመለከት ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላልና ይህን አስቀድመው ያጣሩ፤ ያለ እርሱ መረጃ መሰብሰብ አይቻልም። ስሌቱ ሁለት ሴሚስተር የሚያስፈልግ መሆኑን ካሳየዎ ሁለት ይጠይቁ። አንድ ሴሚስተር ብቻ ጠይቆ ሳይጨርሱ ሁለተኛ ማራዘሚያ ይዞ መመለስ ኮሚቴው በእርስዎ ላይ ያለውን እምነት ያሳንሰዋል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ የማያራዝሙ ተቋማትም ብዙ ናቸው። ማመልከቻው ገደቡ ከማለፉ በፊት በሬጅስትራሩ እጅ መግባት አለበት፤ የገባበት ቀን የተመለከተበት ማረጋገጫም ይያዙ። አማካሪ እስኪመደብ ብለው አይጠብቁ፤ አማካሪ መጠየቅዎን ጠቅሰው ማስገባት ይችላሉ።

ፕሮግራምዎ ያለ መመረቂያ ጽሑፍ፣ በተጨማሪ ኮርሶችና በአጭር ፕሮጀክት የሚጠናቀቅ አማራጭ ካለው እርሱንም ይመዝኑት። ለዶክትሬት የማመልከት ሐሳብ ካለዎት ጽሑፉን መተው ወደፊት ሊያስከፍልዎ ይችላል፤ ፍላጎትዎ በሥራዎ ላይ ማደግ ከሆነ ግን ሁለት ኮርስ ጨርሶ በክብር መመረቅ ከሚንጠለጠል ጽሑፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። 9 ክሬዲት ተመዝግቤ አንዱ ኮርስ እጅግ ከበደኝ። አማካይ ውጤቴ እንዳይበላሽ ልተወው አስቤያለሁ። የኮርስ መተዊያው ቀነ ገደብ አላለፈም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ኮርሱን ከመተውዎ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊውን ያነጋግሩ። ለእርስዎ የሚሠሩት ደንቦች ከአንድ በላይ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ደንብ እስከ ቀነ ገደቡ መተውን ይፈቅድልዎታል፤ አማካይዎንም አይነካውም። የኢሚግሬሽኑ ደንብ ግን በእያንዳንዱ መደበኛ ሴሚስተር ሙሉ ጭነት እንዲይዙ ያስገድዳል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ሙሉ ጭነት ስንት እንደሆነ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ሲሆን በብዙ ቦታ 9 ክሬዲት ነው። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ አንድ ኮርስ መተው ወደ 6 ያወርድዎታል፤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ከወረዱም ሕጋዊ የተማሪነት ሁኔታዎን ሊያጡ ይችላሉ። በምትኩ የኢንተርኔት ኮርስ ለመጨመር ካሰቡም ይጠንቀቁ፤ ለሙሉ ጭነት የሚቆጠርልዎ በሴሚስተር አንድ እንዲህ ያለ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው።

የተቀነሰ ጭነት የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሐኪም ያረጋገጠው ሕመም አንዱ ነው፤ በዚህ ምክንያት በአንድ የዲግሪ ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር ሊፈቀድ ይችላል። በመጀመሪያ ላይ ከቋንቋው ወይም ከአገሩ የማስተማር ዘዴ ጋር አለመላመድና ያለ ቦታው የተመደበ ኮርስም እንደ ምክንያት ይቆጠራሉ። በመጨረሻው ሴሚስተር ለመመረቅ የቀረው ኮርስ ጥቂት ከሆነም እንደዚሁ። ከእነዚህ አንዱ የሚመለከትዎ ከሆነ ኃላፊው ፈቃዱን በመንግሥቱ የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት (SEVIS) ውስጥ ከመዘገበ በኋላ ኮርሱን ይተዉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ምክንያትዎ እውነተኛ ቢሆንም ሊያድንዎ አይችልም። ምክንያት ከሌለዎ ደግሞ ኮርሱን ይዘው ይቆዩና ከመምህሩ ጋር ይነጋገሩ። ያለዎት አማካይ ውጤት ጥሩ ከሆነ አንድ ሲ ቀደም ሲል እንዳሰላነው በአንድ ኤ ይካካሳል። የትምህርት ድጋፍ ወይም የረዳት መምህርነት ክፍያ የሚያገኙ ከሆነ የእርሱንም ውል ያንብቡ፤ ዩኒቨርሲቲው የፈቀደውን የክሬዲት ቅነሳ ውሉ የማይፈቅድበት ጊዜ አለ።